እትዬ አስካለና ባዶው ዝርዝር

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ከገበያው ወደ ላይ እየነዳ፣ እንደ ዋዛ፣ «እኒያ ድምፅ የሌላቸው አስተማሪ አረፉ አሉ» አለ። «የትኛዋ አስተማሪ?» አልሁት፣ ልቤ እያወቀ። ላሊበላ ውስጥ ድምፅ የሌላቸው አስተማሪ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገኝ። ቢሮዬ በር ላይ ሲያደርሰኝ አልወረድሁም፤ ወደ ቤታቸው ውሰደኝ አልሁት።

ለቅሶው ላይ ከገጠር የመጣች አንዲት ሙሾ አውራጅ ነበረች። ከመጀመሯ በፊት በተቀመጠው ሰው መካከል እየዞረች ስለ ሟቿ ትጠይቃለች፤ ምን ሠሩ፣ ለማን ደረሱ። እኔም ዘንድ ደረሰች። «አንተ የሥራ ባልደረባቸው ነህ አሉኝ። እስቲ አንድ ነገር ስጠኝ» አለችኝ። የምሰጣት ነገር ነበረኝ። እዚያው ብናገረው ኖሮ ያን ሁሉ ሰው ያስለቅስ ነበር፤ እኔን ደግሞ ያሳፍረኝ ነበር። «በጣም ጥሩ ሰው ነበሩ» አልኋት። «ይኸንንማ ሁሉም ይለዋል» ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። ያን ቀን የከለከልኋትን ነው አሁን የምጽፈው።

እትዬ አስካለን ያወቅኋቸው መሥሪያ ቤታችን ሰነድ ጸሐፊ ሲፈልግ ነው። መሥሪያ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እንግዳ የራቀው ሆቴል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ተከራይተን የምንሠራ ስድስት ሰዎች ነን። የምንሠራው ሶፍትዌር ነው። በአካባቢው ገጠር ያሉ ጤና ኬላዎች አምቡላንስ ሲፈልጉ ወደ አንድ ቁጥር ይደውላሉ። የሚያነሣው ሰው አይደለም፤ እኛ «ወኪል» የምንለው ፕሮግራም ነው። ወኪሉ ጥሪውን ይሰማል፣ የትኛው ይቀድማል የሚለውን ራሱ ይወስናል፣ ከዚያ ለአምቡላንሱ ሹፌር ያስተላልፋል። ሰው ሳያዘው የሚወስን በመሆኑ ያደረገውን ሁሉ ደቂቃ በደቂቃ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ማን ደወለ፣ ምን አለ፣ ምን ተወሰነ፣ ለማን ተላከ። የእኔ ድርሻ ያንን መዝገብ ፈልጎ የሚያወጣ መሣሪያ መሥራት ነበር። የወኪሉን መለያ ትሰጡታላችሁ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ትሉታላችሁ፣ ዝርዝሩን ያመጣላችኋል። የሚገለገሉበት የወረዳ ጤና ኃላፊዎች ስለሆኑ የአጠቃቀም ሰነዱ በአማርኛ መጻፍ ነበረበት።

መጀመሪያ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ረቂቁን አንብቦ «ይኸ አማርኛ ነው?» አለኝ። ሁለት ቀን አኮረፍሁት። በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለን ይዟቸው መጣ።

ሃያ ምናምን ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ እኔን ባያስተምሩኝም ታላቅ እህቴን አስተምረዋታል። አንገታቸው ላይ እንቅርት ወጥቶባቸው ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ድምፃቸው አብሮ ሄደ። የቀራቸው ሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ ስድሳ ልጅ ማስተማር አይቻልምና ከክፍል ወጡ። ሲናገሩ ሁለት ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ ጫን ያደርጋሉ። እሳቸው ከመጡ ወዲህ ቢሯችን ጸጥ አለ። የሚንሾካሾክ ሰው የሚያናግር ሁሉ ሳያውቀው ራሱም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ ስልክ ሲደወልለት ሳይቀር እየተንሾካሾከ ስለሚያወራ «ታመሃል እንዴ?» ይሉት ነበር።

ኮምፒውተር አልለመዱም። ግን ያልገባቸውን ገባኝ ብለው የሚያልፉ ሰው አልነበሩም፤ በዚህ ስንት ቀን አስለቅሰውኛል! የመጀመሪያ ቀን ስለ መሣሪያው ሳስረዳቸው እንዲህ ሆነ።

«ወኪሉ ጥሪውን ተቀብሎ ለሹፌሩ ይልካል» አልኋቸው።

«ማን አየ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ሲልክ ማን አየው?»

«መዝገቡ ላይ ይሰፍራላ።»

«መዝገቡን የሚጽፈው ማነው?»

«ራሱ ወኪሉ ነው።»

ቀይ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ። «እንግዲያስ ልጁ የራሱን ፈተና ራሱ ያርማል በለኛ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወኪሎቹን «ልጆቹ» ይሏቸው ነበር። አምስት ወኪሎች ነበሩን፤ በቁጥር ነው የምንለያቸው። ጠዋት ሲገቡ ገና ነጠላቸውን ሳያስቀምጡ «ያ ሦስተኛው ልጅ ትናንት እንዴት ዋለ?» ይሉኛል። ሦስተኛው ከነአኩቶ ለአብ ገዳም አቅጣጫ የሚመጡትን ጥሪዎች የሚቀበለው ወኪል ነው። ለምን እሱን እንደሚያስቀድሙ ስጠይቃቸው «ተማሪ ሲያታልል ፊቱ ያስታውቃል፤ የዚህን ግን ፊቱን አላየሁትም» አሉ። የሁሉንም ፊት አላዩም ብዬ ልከራከር ስል በእጃቸው ተወው አሉኝ።

«ማን አየ» የሚለው ጥያቄ ከእናታቸው የወረሱት ነው። እናታቸው በላስታ የታወቁ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ አሸተን ማርያም ወደሚታይበት በረንዳ ወጥተን ስንቀመጥ ስለ እሳቸው ያጫውቱኛል። እናትየው ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ቀጥ ብለው ወደ ሬሳው አይሄዱም፤ መጀመሪያ ጓዳ ይገባሉ፣ በረት ይሄዳሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ። ሟቹ ምን አደረገ? ማን አየ? የት ቆሞ አየ? የዓይን ምስክር የሌለው ነገር ከአፋቸው አይወጣም። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ሰው ቤተሰብ «አባታችን ነብር ገድለዋል፤ እሱን በይልን» አሏቸው። «ማን አየ?» አሉ። ያየ ሰው ጠፋ። እናትየው ነብሩን ሳያነሡ የሰውየውን ደግነትና ዓይን አፋርነት አልቅሰው አስለቀሱበት። ቤተሰቡ ተቀይሞ እህል ሳያቀምስ ሸኛቸው። «ከለቅሶ ቤት ጦሟን የተመለሰች አልቃሽ እናቴ ብቻ ናት» ይሉና ይስቃሉ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚርገፈገፈው።

ያን ጊዜ የነገሩኝ ሌላም ነገር አለ። «የሞተን ሰው ምን ልናደርግለት እንችላለን ልጄ? የሠራውን እንደሠራው መናገር ነው። እሱንም ካበላሸነው ምን ቀረን?» አሉኝ። እኔ እንጀራዬን እየጠቀለልሁ ነበር፤ ብዙም ልብ አላልሁትም።

ጠባችን በሰነዱ ቁጥር አምስት ላይ ነበር። ቁጥር አምስት መዝገቡ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚናገረው ክፍል ነው። «መዝገቡ ለሠላሳ ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ይሰረዛል» ብለው በራሳቸው እጅ ጻፉ። ከዚያ ቆም አሉ።

«ሠላሳው ካለፈ በኋላ ብጠይቀው ምን ይለኛል?»

«ባዶ ዝርዝር ያመጣል።»

«መዝገቡ ሳይሰረዝ፣ ግን በዚያ ቀን ማንም ባይደውልስ?»

«ያው ባዶ ዝርዝር ነዋ።»

«አንድ ዓይነት ባዶ?»

«አንድ ዓይነት።»

ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ። «ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ከመጣ ምንም አልተደረገም ማለት አይደለም፤ መዝገቡ ጊዜው አልፎ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።»

እሳቸው ወደ ቤት ሲሄዱ እኔ ሰረዝሁት። ለሥራ አስኪያጁ «ይረዝማል፣ አንባቢ ያደናግራል» አልሁት፤ እሱም ግድ አልነበረውም። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ ዓረፍተ ነገሩ መሣሪያዬን የሚያሳጣ መስሎ ስለታየኝ ነው። ስድስት ወር ለፍቼበታለሁ፤ ሰነዱ ላይ «ይኸ መሣሪያ የሚሰጣችሁን መልስ አትመኑ» ተብሎ የተጻፈ ያህል ነው የተሰማኝ። በማግስቱ መልሰው ጻፉት። መልሼ ሰረዝሁት። ሦስተኛ ጊዜ በደቃቁ ከገጹ ግርጌ አስገቡት፤ እሱንም አገኘሁት። ከዚያ በኋላ አልመለሱትም። አንድ ቃልም አልተነጋገርንበትም። የምንጽፍበት ፕሮግራም ማን ምን እንደጨመረና ማን ምን እንዳጠፋ በስም እየያዘ ለሁልጊዜ እንደሚያስቀምጥ ቀደም ብዬ ራሴ አሳይቻቸው ነበር። «ደግ መዝገብ ማለት ይኸ ነው» ብለውኝ ነበር ያኔ።

ክረምቱ እንደወጣ ከነአኩቶ ለአብ ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ አንዲት ሴት በምጥ ተያዘች። የጤና ኬላው ሠራተኛ ብርቄ የምትባል የዚያው ቀበሌ ልጅ ነበረች። እናውቃታለን፤ ሥልጠና ስንሰጥ መጥታ ከእትዬ አስካለ አጠገብ ተቀምጣ ስትጽፍ ነበር። አምቡላንሱ አልመጣም። የመንደሩ ሰው ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክሞ ቁልቁለቱን ወረደ። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም።

ብርቄ «ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥሪዎ ደርሶናል አለኝ» አለች። የአምቡላንሱ ሹፌር «ለእኔ የደረሰኝ ነገር የለም» አለ። የጤና ኬላው ስልክ አሮጌ ነው፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ጥሪዎች ብቻ ነው የሚይዘው፤ ነገሩ ጥያቄ ሆኖ ሲመጣ እነዚያ ጥሪዎች በሌላ ተተክተዋል። ከስልክ መሥሪያ ቤት ማስረጃ ለማውጣት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል ተባለ፤ ጉዳዩ ደግሞ ፍርድ ቤት የሚደርስ ጉዳይ አልነበረም። መንደሩ ውስጥ «ስልኩን ሳትሞላው ቀርታ ነው፣ ኋላ ፈርታ ነው እንዲህ የምትለው» የሚል ወሬ ተነሣ። ደውላለች ወይስ አልደወለችም? ይኸን የሚመልሰው የሦስተኛው ልጅ መዝገብ ብቻ ነበር። እኛ ግን ልናየው አንችልም፤ የሕሙማን ነገር ስለሆነ መክፈት የሚፈቀድለት የወረዳው ጤና ኃላፊ ብቻ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ የብርቄ አባት ሞቱ።

ቢሯችን ተዘግቶ ሁላችንም ለቅሶ ሄድን። ብርቄ ጥቁር ለብሳ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። የወረዳው ኃላፊም መጥቶ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ተካ የሚባሉ፣ ድንኳኑ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይቺ ልጅ አባቷን ቀብራለች። ሐዘንተኛ በነገር አይያዝም። ሕፃኑ የሞተባት እናትም ትታገሠን፤ አርባው ይውጣና ቁጭ ብለን እናየዋለን» አሉ። ማለፊያ ተናገሩ ተባለ። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። እትዬ አስካለም ነቀነቁ። እኔም፣ መዝገቡ በሠላሳ ቀን እንዲጠፋ በገዛ እጄ ያዘዝሁት ሰው፣ ነቀነቅሁ። አገሩ ላይ ከዚህ የተሻለ ጨዋ ውሳኔ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳችንም ስለ ጉዳዩ አላወራንም። ማውራቱ ነውር መስሎን ነው። አንድ ጠዋት እትዬ አስካለ ሰነዱን ለማሳተም ለመጨረሻ ጊዜ እያነበቡ ሳለ ጠረጴዛውን በጣታቸው ሲመቱት ሰማሁ። ሰው ሲጠሩ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ያን ቀን ግን አላቋረጡም። ሄጄ ሳያቸው ሌላው ጣታቸው ቁጥር አምስት ላይ ነው።

«ኪዳኔ፣ ሕፃኑ ከሞተ ስንት ቀን ሆነው?»

ቆጠርሁ። ሠላሳ ስድስት።

እሳቸውም በጣታቸው ቆጠሩ፤ እንደገና ቆጠሩ። «ሠላሳን በዚህ እጄ ጽፌው፣ እነሱ አርባ ሲሉ አሜን አልሁ» አሉ። ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ ማድረግ ስለረሱ ከከንፈራቸው ነው ያነበብሁት።

መዝገቡ የሚቀመጥበትን ማሽን ለሚጠብቀው ልጅ አዲስ አበባ ደወልሁ። «የተሰረዘ ተሰርዟል፤ ራስህ አይደለህ እንዴ እንዲህ ይሁን ያልኸው?» አለኝ። ቅጂ የለም? የለም። የትም? የትም። ሥራ አስኪያጁን ነገርነው፤ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ለወረዳው ኃላፊ ነገርነው። «እናንተ አትጨነቁ፤ በመመሪያው መሠረት አወጣዋለሁ» አለን። አይገኝም ብንለውም መመሪያውን ይዞ ሄደ።

ስብሰባው በአርባው ማግስት ጤና ኬላው ግቢ ውስጥ ሆነ። ኃላፊው አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። የእትዬ አስካለን ሰነድ ተከትሎ፣ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያለ፣ አንድም ሳይሳሳት ያወጣው ነው። ወረቀቱ ላይ «የተገኘ መዝገብ፦ የለም» ይላል። ጮክ ብሎ አነበበው።

አባ ተካ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ነህ አሉ የሠራኸው። ማሽኑ ደውላለች ይላል ወይስ አልደወለችም ይላል?»

«ምንም አይልም አባ» አልሁ።

«ምንም ካላለ አልደወለችም ማለት ነዋ።»

«አይደለም። ጊዜው ስላለፈ ተሰርዞ ነው።»

ኃላፊው ሰነዱን አገላበጠ። «ይኸ የእናንተ መመሪያ ነው። ሠላሳ ቀን ይላል፤ ባዶ ከመጣ ግን ተሰርዞ ነው የሚል ነገር የለበትም» አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው። የሞተው ሕፃን እናት መሬት መሬቱን ታያለች። ብርቄ ማንንም አታይም።

እትዬ አስካለ ተነሡ። ሁለት ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው መናገር ጀመሩ። ማንም አልሰማቸውም። ነፋስ ነበር፤ ልጆች ይጮሃሉ። አባ ተካ ጆሯቸውን አዘንብለው «ምን ይላሉ?» አሉ። እትዬ እጄን ይዘው አስነሡኝ፤ እሳቸው በጆሮዬ እየነገሩኝ እኔ ለሰው እናገር ጀመር። «ልጅቷ ደውላ ሊሆን እንደሚችል፣ ይኸ ወረቀት ግን ምስክር እንደማይሆን እወቁ ይላሉ» አልሁ። «ማሽኑ የረሳውን ነገር፣ ሰው አልሠራውም አትበሉ ይላሉ» አልሁ። አባ ተካ «ታዲያ ይኸ ለምን አልተጻፈም?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። በጣም ቀርበውኝ ነበር። እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፤ «ሰነዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የአስካለ ነው በላቸው።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረዋል። አፌን ስከፍት እውነቱን ልናገር ነበር፤ በዚህ እምላለሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «እትዬ አስካለ ሰነዱን የጻፉት እሳቸው ስለሆኑ ጥፋቱ የእሳቸው ነው ይላሉ» አልሁና ተቀመጥሁ።

ሰዉ አንሾካሾከ። አስተማሪዋ ለልጅቷ አዝነው ነው የሚል መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ብዙ መከሩና ብርቄን አንከስም፣ ግን ከዚህ ቦታ ትነሣ አሉ። እሷም ሥራውን ጨርሳ ተወችው። ወገል ጤና ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄደች ሲባል ሰማሁ።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገብቼ ያንን ዓረፍተ ነገር ቁጥር አምስት ሥር መልሼ ጻፍሁት። እትዬ አስካለ መጥተው አነበቡት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀይ እስክሪብቷቸውን አንሥተው «እዚህ ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎሃል» አሉኝ። ነጠላ ሰረዟን ጨመርሁ። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር አብረን ስንሠራ ነገሩን አንድ ቀን አላነሡብኝም። ይኸ ከቁጣ የከፋ እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። «ያ ሦስተኛው ልጅ እንዴት ዋለ?» ማለትን ግን ተዉ።

ካረፉ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛቸውን እንዳጸዳ አዘዘኝ። መሳቢያው ውስጥ የተጨረሱ ቀይ እስክሪብቶዎች፣ የጉሮሮ ከረሜላና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ከሰነዱ የለውጥ መዝገብ የታተመ ገጽ ነው። አስካለ ጨመረች፤ ኪዳኔ ሰረዘ። አስካለ ጨመረች፤ ኪዳኔ ሰረዘ። አስካለ ጨመረች፤ ኪዳኔ ሰረዘ። ከግርጌው የታተመበት ቀን አለ፤ ከስብሰባው በፊት ያለው ቀን ነው። ማጠፊያው ላይ የጤና ኬላው ግቢ ቀይ አፈር ነበረበት። በእጃቸው የገባ ወረቀት ሁሉ እርማት ሳይቀበል አይወጣም፤ ይኸ ግን ምንም ምልክት የለበትም። ያን ቀን ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት ነበር ማለት ነው፤ አውጥተው ቢያሳዩ ኖሮ የማፍረው እኔ ነበርሁ።

ለብርቄ ልነግራት ወሰንሁ። እህቴ «አሁን ሐዘን ላይ ናችሁ፤ የእትዬ አርባ ይውጣና ትሄዳለህ» አለችኝ። ራሴን ልነቀንቅ ስል ደነገጥሁ። ካረፉ ሠላሳ ቀን ሳይሞላ መኪና ቀያይሬ ወገል ጤና ገባሁ።

የአክስቷ ሻይ ቤት ገበያው አጠገብ ነው። ብርቄ ስታየኝ ትሪውን አስቀመጠች። የእትዬን ማረፍ ሰምታለች፤ የመንደሯን ሰዎች ማየት ስላልቻለች ነው ቀብር ያልመጣችው። ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

«ይኸ መደወሌን ያሳያል?» አለችኝ።

«አያሳይም።»

«እና ምኑን ነው የሚያሳየው?»

«እኔ መሰረዜን። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ የእኔ ነው።»

ወረቀቱን በመጣበት መታጠፊያ መልሳ አጠፈችው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህብኝ በወደድሁ። «እሳቸው አንድ ጊዜ እዚህ መጥተው ነበር» አለችኝ። አላወቅሁም ነበር። «ለሰው ሁሉ ማን አየ ይላሉ ይባላል፤ እኔንም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስንት ጊዜ ደወልሽ ብቻ አሉኝ። ሦስት አልኋቸው። ጽፈው ሰጡኝ።»

ከደረቷ ሥር ከደብተር የተቀደደ ገጽ አወጣች። በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ጽሕፈት፣ የእኛ መሣሪያ መዝገብ በሚያወጣበት ቅደም ተከተል፣ በቀይ ተጽፎበታል፦

ወኪል፦ ሦስተኛው ልጅ።

የደወለችው፦ ብርቄ።

የገባ ጥሪ፦ ሦስት።

ማን አየ፦ ማንም አላየ። እኔ አምኛታለሁ። አስካለ።

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ወስጄ የማስገባበት ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ፤ በሠራሁት መሣሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም። ብርቄ እጇን ዘረጋች። የእኔን ወረቀት መለሰችልኝና የእሳቸውን ተቀብላኝ ወደ ነበረበት መለሰችው። ከዚያ ትሪዋን አንሥታ ሻይ የሚጠብቁ ሰዎች ወዳሉበት ሄደች።